መጀመሪያ ቅዱ፣ ከዚያ ድፉ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ተደወለልኝ። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ታማሚዎቹ በሙሉ የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ምሳቸውን የሚበሉትም ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ነው።

ምግብ ቤቱ የእታለም ነው።

ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ እንደገና አነሳሁት። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለዚህ ለጤና ቢሮ ወንበር ያበቃኝም የእሷ ድስት ነው። ወጥ ቤቷ ከሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይጸዳል፤ ይህን በማንም ፊት አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። የሆነ ሆኖ የከተማው የበሽታ ቅኝት ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ሥራዬም ማን አሳመመ ሳይሆን ምን አሳመመ ብሎ መጠየቅ ነው። ነገ በጠዋት እጀምራለሁ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ጥድፊያ። አልጋ ሞልቶ ፍራሽ ኮሪደር ላይ ተነጥፏል። ለአለቃዬ ቤቱ የእህቴ መሆኑን ነገርኩት፤ ከሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ። «እንግዲያው አንቺ ከዚህ ነገር ራቂ» አለኝ። ከእህቴ ቤት እርቃለሁ፣ ከወረርሽኙ ግን አልርቅም አልኩት። የእሷን ቤት የሚያይ ሌላ ባለሙያ ተመደበ። ናሙና እንዲወሰድ ለምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩን የሚያነሳ የለም።

እታለም እንደ ሁልጊዜው ከምግብ ቤቷ ለልጄ ምሳ ልካለች። ልጄ ፈተና ላይ ናት፤ ለፈተና ሰሞን ደግሞ ቀለል ያለ ነገር ይሻላል። ዳቦና ሙዝ ገዛሁላት።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የከተማችን አሠራር እንዲህ ነው። የታመመው ሰው የእኛ፣ የበላው ምግብ የምግብ ቁጥጥር፣ ከብቱና ዶሮው የእንስሳት ጤና፣ ምርመራው የላቦራቶሪ። ሁሉም የየራሱ በር፣ የየራሱ ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሌላውን ካላስፈቀደ ደጁን አይረግጥም። በሽታ ማንንም አያስፈቅድም።

የምግብ ቁጥጥሩን ኃላፊ ሠራተኛው ሁሉ «ባለማኅተሙ» ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ወረርሽኝ ሲባል ደሙ ይፈላል፤ ያኔ የሚታየው ሥራ መድፋት፣ በበረኪና ማጠብና ማሸግ ብቻ ነው። ካሜራ ካለማ እሰየው። የላቦራቶሪዋን ኃላፊ አስከትዬ እታለም ምግብ ቤት ደጅ ስደርስ ሾርባው በፍሳሽ ቱቦ ወርዷል፤ ሥጋው ላይ ነጭ ጋዝ ፈሶበታል፤ ሩዙ፣ እንቁላሉ፣ ዱቄቱ ጭነት መኪና ላይ ነው። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የላቦራቶሪዋ ኃላፊ በበረዶ ሣጥን ያልመጣ ናሙና ስለማትቀበል፣ ቃልም ስለምትቆጥብ «በረዶዋ» ትባላለች። የሣጥኗን ክዳን ከፍታ ባዶነቱን አሳየችውና መልሳ ዘጋችው።

«ናሙና ወስደሃል?» አልኩት።

«የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ ናሙና? እኛ ርምጃ ወስደናል።»

«ምስክሩን ነው በበረኪና ያጠብከው።»

ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንቺማ ምስክር ባይገኝ ነበር የሚሻልሽ።»

እታለም ሽርጧን እንዳሰረች በር ላይ ቆማለች። ጨው እንኳ አላስቀሩልኝም አለች፤ የምግብ አዳራሹን ግን ጠረጴዛዎቹ ለምሳ እንደተሰናዱ፣ ሳህኑ፣ ሹካው፣ የቅመም መነስነሻው ሁሉ በየቦታው እንደተደረደረ ቆለፉት። አንዱ ሠራተኛው ምግብ እንጂ ዕቃ አንነካም ብሎ አስረዳት፤ እንደ ትልቅ ውለታ። ወደ እኔ አላየችም፤ እኔም አልጠራኋት። ዘመዷ ናት እንዳይሉ ነው።

ቢሮ ተመልሼ ትልቅ ወረቀት ላይ «መጀመሪያ ቅዱ፣ ከዚያ ድፉ» ብዬ ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍኩት። አለቃዬ አይቶ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ከእንግዲህ የምለው ይህንን ብቻ ነው አልኩት።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ከታማሚዎቹ አንዷ ሞተች። የክር ማጠንጠኛ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ጡረታዋ ደርሶ ነበር። እታለም በደንብ ታውቃታለች። በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ እየተቀመጠች «አንቺ ሴትዮ፣ ምግብሽ ቅመም ያንሰዋል» እያለች ታበሽቃት ነበር።

እታለም ሐዘን ልድረስ አለች። ይቅርብሽ አልኳት፤ ሄደች። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሱ አሉ። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ እኔን ሲያዩ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ግንቦት 10፣ እሑድ

እታለም ዛሬም ከመኖሪያ ቤቷ ምግብ ልካለች። ቤቷ ታሽጎ፣ ስሟ በከተማው ጠፍቶ፣ ለእኔ ልጅ ታስባለች።

ልጄ ሳህኑን ስገለብጥ ደረሰችብኝ። «እማዬ፣ እታለም መርዛናለች ብለሽ ታስቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ። በጭራሽ አልኳት። «ታዲያ ለምን ደፋሽው?» ቀዝቅዞ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው፣ ቀዝቅዞ ነበር። ሳህኑን በበረኪና አለቅልቄ መለስኩላት፤ የሥራ ልማድ ነው። እኔም ብሆን ሰሞኑን የምግብ ፍላጎት የለኝም።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ግብረ ኃይሉ ተሰበሰበ። አለቃዬ እንደ ወጉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ከፈተው። ከዚያ ድሩ ሁሉ በየፊናው ተተረተረ። እኔ ታማሚ የምቆጥረው በሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ባለማኅተሙ የሚቆጥረው በምግብ ቤት ነው፤ በረዶዋ የምትቆጥረው ናሙናው እጇ በገባበት ቀን ነው። የሦስታችን አኀዝ ሦስት ዓይነት ሆነና የማን ትክክል ነው በሚል ሻይ እስኪቀርብ ተጨቃጨቅን። የእንስሳት ሐኪሙ ጥጉን ይዞ ስለ ጨጓራው አወራ፤ ሚስቱ ቡና፣ ቁንዶ በርበሬና ንዴት ከልክላዋለች። ይህን ሰው ምን ያደርግልናል ብለው ጠሩት ብዬ አሰብኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

በመጨረሻ ተነሳሁና ሐሳቤን አቀረብኩ፤ ጥሪ ሲመጣ አራታችንም እኩል እንስማ፣ እኩል እንውጣ፣ በረዶዋ ሳትቀዳ ማንም እንዳይደፋ። ባለማኅተሙ ፈገግ አለ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የቀረበበት ጊዜ ነው ያጠራጠረኝ» አለ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛውን አዩ። የማይቀበለው ለምን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ላይ በቃሉ ይስፈርልኝ አልኩ። አልሰፈረም። ሐሳቤም ውድቅ አልሆነም፣ አልጸደቀም፤ «ለጥናት» ተባለ።

ይጠና። እኔ የትም አልሄድም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ፋብሪካው ከሌላ ቤት ምግብ እያስመጣ ነው። እታለም ረዳቶቿን አሰናበተች። ስልክ ደውላ «ትንሿ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ምርመራው አላለቀም አልኳት። ለጋዜጠኛ እንደምመልሰው። እሺ አለችና ዘጋችው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አዲስ ታማሚዎች! ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከአረጋውያን መጦሪያው። ያው ትኩሳት፣ ያው ተቅማጥ። የእታለም ቤት ከታሸገ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እነዚህ ሰዎች የእሷን ደጅ ረግጠው አያውቁም።

ደስ አለኝ። ሽማግሌዎች ታመው ደስ አለኝ። ይህንንም እዚህ ልጻፈው። ወዲያው ለእታለም ደወልኩና መጦሪያው ውስጥ ሰው ታሟል፣ ነጻ ነሽ፣ ካንቺ ቤት አልነበረም አልኳት። «ታመሙ ያልሻቸው ሰዎች እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ሩጫ። ባለማኅተሙ በረኪናውን ጭኖ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

የትናንቱን ልጨርስ። ስደርስ ሁለት ሠራተኞቹ የሾርባውን በርሜል በጆሮው ይዘው ወደ ፍሳሹ እየሄዱ ነበር። ከፊታቸው ገብቼ የፍሳሹ ክዳን ላይ ቆምኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በቢሮ ጫማዬ።

«ተነሺ» አለኝ ባለማኅተሙ።

«መጀመሪያ ቅዱ፣ ከዚያ ድፉ።»

«እህትሽ እዚህ የለችም እኮ። አሁን ለማን ብለሽ ነው?»

«ይኸው፤ የለችም። አሁንም ያንኑ ነው የምልህ።»

ሰውየው እንደማሰብ አለ። ሠራተኞቹ በርሜሉ ስለከበዳቸው አስቀመጡት፤ ነገሩን የፈታው ክብደቱ ሳይሆን አይቀርም። በረዶዋ ሣጥኗን ይዛ እስክትደርስ እዚያው ክዳን ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከሾርባው፣ ከሥጋው፣ ከወተቱ፣ ከሰላጣው፣ ከውሃው ቀዳች። የእንስሳት ሐኪሙም ሳይጠራ መጣ፤ ሰምቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ ነው እንዴ አለ። ዛሬ እግሬ አብጧል።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ሾርባው ንጹሕ። ሥጋው ንጹሕ። ወተቱም፣ ሰላጣውም፣ ውሃውም። ታማሚዎቹ ግን ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ አለባቸው፤ በረዶዋ እንደምትለው በሞተችው ሠራተኛ ላይ የተገኘውና ይኸኛው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ባለማኅተሙ ፍሳሽ ላይ የቆምሽለት ይኸው ነው አለኝ፤ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ። አዎ፣ ይኸው ነው። ድስቱ እንዳልሆነ አወቅን። ብትደፋው ኖሮ ዛሬም ድስቱን እየረገምን እንውል ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ ሦስታችን፣ እኔ፣ በረዶዋና የእንስሳት ሐኪሙ፣ ወደ መጦሪያው አብረን ሄድን። በአንድ መኪና ስንሄድ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ምግብ ቤታቸው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥን። አንድ ጡረተኛ መምህር ብሶታቸውን ለሐኪሙ ያወሩ ጀመር። ጎረቤቶቻቸው የሚጣፍጠውን እየበሉ ታመሙ፤ እሳቸው ደግሞ የሕፃን ምግብ እየበሉ በጤና ይሰቃያሉ። ሾርባው ከአንድ ድስት ነው፤ ግን እሳቸውና የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ጓደኞቻቸው ለብቻ ጠረጴዛ ተሰጥቷቸዋል፤ ቁንዶ በርበሬ ያለበት መነስነሻ እዚያ አይደርስም።

«የእኔም ሚስት እንዲሁ ናት፣ ጋሼ» ብሎ ሐኪሙ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። «ከዚያ ጠረጴዛ የታመመ አለ?»

አንድም የለም።

መጠይቃችን ሥጋ በልተዋል ወይ፣ እንቁላል በልተዋል ወይ፣ ወተት ጠጥተዋል ወይ ይላል። ምን ነሰነሱበት የሚል የለውም። የሾርባ እሳት የገደለውን ተሕዋስ ሰው መልሶ በገዛ እጁ ሳህኑ ላይ ይነሰንሰዋል ብሎ ማን ያስባል? መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስንት ሰው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያንን ወረቀት አነበብኩ።

መነስነሻዎቹን ጠየቅን። የመጦሪያዋ አስተዳዳሪ በኩራት አሳየችን፤ ትመጣላችሁ ሲባል ሁሉንም አስጠርጌ፣ በበረኪና አሳጥቤ ጨው ሞላሁባቸው አለች። የቁንዶ በርበሬው ከረጢትም ባዶ ስለሆነ ተቃጥሏል። ምን ልበላት? ከእኛው ነው የተማረችው። የምንመጣው ልንደፋ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ቀድሞ ይደፋል።

በረዶዋ መኪና ውስጥ «ያልታጠበ መነስነሻ ቢገኝ» አለች። ሐኪሙ ከየት ይገኛል አለ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

የት እንደሚገኝ አውቃለሁ። ተደርድረው ተቆልፈዋል፤ ምግብ እንጂ ዕቃ አንነካም ተብሎ።

መሽቷል። ሁሉም ደክሟቸዋል። ነገም ይደርሳል።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

አልተኛሁም። ሳምንታት ሙሉ ምስክር ደፋህ እያልኩ ሰው ስሞግት ከርሜ፣ ያልተደፋው ሲገኝ ልደብቀው? እታለምን ነጻ ነሽ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ማን ተናገሪ አለኝ? የራሴ ምላስ ነው የጠለፈኝ። ቢሆንም አልደብቀውም። ሳይነጋ ለሦስቱም ደወልኩ፤ ለባለማኅተሙ ጭምር።

ቤቱ ሲከፈት እኔ አልገባሁም፤ አይገባኝም። ከመንገዱ ማዶ ከእታለም ጋር ቆምኩ። ባለማኅተሙ የገዛ ማኅተሙን ሰበረ። በረዶዋ ጓንቷን አድርጋ መነስነሻዎቹን አንድ በአንድ በየከረጢቱ ከተተች።

እታለም ምን ፈልገው ነው አለችኝ። ነገርኳት።

«ቁንዶ በርበሬ?» አለች። «እኔ እኮ ተፈጭቶ የታሸገውን ገዝቼ ከከረጢቱ ነው የሞላሁት። እጄ እንኳ አልነካውም።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አየች። «እሷማ ሳህኑ እስኪጠቁር ነበር የምትነሰንስበት።»

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ተገኘ። ከእታለም መነስነሻዎች ውስጥ፣ በተለይ ከመስኮቱ ጠረጴዛ። ያው ተሕዋስ፣ የሞተችውን የገደለው።

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ያ ቁንዶ በርበሬ ገና በየሱቁ ይሸጣል። እታለምም መጦሪያውም የገዙበትን መጋዘን ልንይዝ እየወጣን ነው፤ አራታችንም፣ በአንድ ጥሪ፣ በአንድ ሰዓት።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

መጋዘኑ ትልቅ ነው። ጣሪያው ተቀዷል፤ ርግቦች ሠፍረውበታል፤ ከሥራቸው ያልተፈጨው ቁንዶ በርበሬ በሸራ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ላይ አየ፤ ወደ ታች አየ፤ ኮፍያውን አጥልቆ «ይህ የእኔ ነው» አለ። ይህን ሰው ምን ያደርግልናል ብዬ ነበር።

የባለማኅተሙ ሠራተኞች በረኪናቸውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ እሱ ራሱ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። «መጀመሪያ ይቀዳ» አለ። ወደ እኔ ሳያይ ነው ያለው። ምንም አላልኩትም። ለአንድ ቀን ዝም ማለት እችላለሁ።

ለእታለም ገና አልነገርኳት። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ ማታ

ሄድኩ። መኖሪያ ቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ የምግብ ቤቱን ባዶ ድስት እየፈተገች ነበር፤ የሚበላበት የለም፣ ግን ትፈትጋለች። ቁጭ በይ አለችኝ። ቆሜ ነገርኳት።

«እንግዲህ ከቤቴ ነው የወጣው» አለች።

«ከቤትሽ። ከእጅሽ ግን አይደለም፣ እታለም።»

«ለሞተችው ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ስለ መጋዘኑ አወራሁ፣ ስለ ርግቦቹ፣ ባለማኅተሙ እንዴት በሩ ላይ እንደቆመ። አሸንፈናል አልኳት። ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ሳይቀዳ የሚደፋ ድስት አይኖርም አልኳት። ድስቷን አስቀምጣ እጇን ጠረገች።

«ለልጅሽ የምልከው ሳህን» አለችኝ፣ «በረኪና በረኪና እየሸተተ ነው የሚመለስልኝ።»

የሥራ ልማድ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ለሰው ሁሉ ታገለች ይሉኛል። ፍሳሽ ላይ ቆመች ይሉኛል። እኔም ኮራሁብሽ። ግን አንቺም ሳትቀጂ ነው የደፋሽው፣ ትንሿ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ በዝናብ ወደ ቤት መጣሁ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አለቃዬ የመጨረሻውን ሪፖርት አንብቦ በርህራሄ አናገረኝ። መጋዘኑ ከተገኘ የእህትሽ ቤት ስም ለምን አስፈለገ፣ ማስረጃው ከገበያ ተገኘ ብለሽ እለፊው አለኝ። ለእሷ አስቦ ነው። ለእኔም።

እምቢ አልኩት። ሰው የታመመው እዚያ ነው፣ ሰው የሞተው እዚያ በልቶ ነው፣ ማስረጃው የተገኘውም እዚያ ነው። ደግሞም የእሷ ቤት ተደፍቶ ሙሉ በሙሉ ቢታጠብ ኖሮ ዛሬም ሰው እየሞተ ነበር። የምጽፈው ሁሉንም ነው፤ መጠይቄ ምን እንደጎደለውም ጭምር። ከሰረዝከው ስሜንም አብረህ ሰርዝ አልኩት። አልሰረዘውም።

እታለም ስልክ አታነሳም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ደንቡ ጸደቀ። ጥሪው ለአራታችን እኩል ይደርሳል፤ ታማሚ የምንቆጥረው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ላቦራቶሪ ሳይቀዳ ምንም አይደፋም። ብዙ ሰው የሚመግብ ቤት ደግሞ ከእያንዳንዱ ምግብ ጥቂት ቀድቶ ለሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ምስክር እንዲሆን። የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣው ባለማኅተሙ ነው። አለቃዬ ድሩንና አንበሳውን ደገመልን። ለጋዜጠኞች ሲናገር ሐሳቡ ከጥንትም የቢሮው እንደነበር ሰማሁ። ይሁንለት። በሬ ላይ ያለው ወረቀት ግን በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አላነሳውም።

ጮቤ ልረግጥ በሚገባኝ ቀን ሆዴ ባዶ ነው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ዛሬ የእታለም ቤት ተከፈተ።

አልጠራችኝም። ሄድኩ። ጥግ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ከክር ማጠንጠኛው ክፍል የሟቿ ባልደረቦች ግን ተያይዘው መጥተው የመስኮቱን ጠረጴዛ ያዙ። መነስነሻ የለም። አንዷ ቅመም ያንሰዋል አለች፤ እታለም ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች።

ድስቱ ሲወጣ ለማንም አልቀዳችም። መጀመሪያ ትንሽ ብርጭቆ አወጣች፤ ከሾርባው ቀዳች፣ ከደነች፣ ቀኑን ጽፋ ለጠፈችበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገባች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ቀስ ብላ ነው፤ እንዳየው። ከዚያ ጭልፋዋን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ ከፊቴ ቆመች።

«ምስክሩ ተቀምጧል» አለችኝ። «ውጤቱ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ?»

«ለእኔም ቅጂልኝ» አልኳት።

ሞልታ ቀዳችልኝ። ልጄም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከአንድ ሳህን በላን። እስከ ታች በላሁት። ሳህኑን ማንም ሳይቀድመኝ ተነስቼ ራሴ አጠብኩት፤ በሳሙና ብቻ።